የዳኛው ወንበር ቀለም

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለእሜቴ፣

ከነራስ ምታትሽ እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደማታምኚኝ ስለማውቅ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሱቁንም በሰዓቱ እከፍታለሁ። መልሱ የዘገየው ደብዳቤ የሚያደርስልን ሹፌር መኪናው ተበላሽቶበት ስለከረመ ነው እንጂ እንዳልሽው ኩርፊያ ይዞኝ አይደለም። ባኮርፍማ ኖሮ ያን ሁሉ ሻንጣ ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ አልሸኝሽም ነበር። ሆስፒታል ለሚተኛ ሰው ሦስት ካፖርት ምን እንደሚያደርግለት ዛሬም አልገባኝም።

ለጠየቅሽኝ ነገር፣ አይ፣ ለልብስ ሰፊዋ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ትናንት ከማዶ ብቅ ብላ፣ ባለቤትህ ስትሄድ ሥራው አልከበደህም ወይ ስትለኝ፣ የሚያስቀኝ ሰው አጣሁ እንጂ ሌላ ምን ጎደለብኝ አልኳት። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው እኔ የቆዳ ጭረት የማጠፋ ባለሙያ መሆኔን፣ አንቺ ደግሞ ከጎኔ ተቀምጠሽ ሳህን ላይ ቀለም እያማሰልሽ የምታወሪ ሚስት መሆንሽን ነው። ይሄው ይበቃቸዋል። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ፣ ቡናማው ሁሉ አንድ የሚሆንበት ሰው ቆዳ ይቀባል ከተባለ ማን ጫማውን አምኖ ይሰጠኛል?

ከመሄድሽ በፊት በጥብጠሽ ስማቸውን የለጠፍሽባቸው ጠርሙሶች ደህና ናቸው። ግን እነሱ ብቻ አይበቁኝም። ጡረተኛው ዳኛ ወንበሩን አምጥቷል፤ ያን ከሥራ ሲሰናበት የተሰጠውን፣ ትልቁን። ድመቷ የቀኙን ክንድ ማሳረፊያ እንዳልነበረ አድርጋ ቧጭራዋለች። አጥቤ አድርቄዋለሁ፤ መሙያውን ለጥፌ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሼ፣ የቆዳውን ደም ሥር መሰል መስመር እንኳ መልሼ አትሜበታለሁ። እጄ የሚችለውን ሠርቷል፤ የቀረው ያንቺ ነው። የመምህሯም ቦርሳ እንደዚያው ቀለም ይጠብቃል።

እና አንድ ዘዴ መጣልኝ። ከቦርሳው ውስጠኛ ስፌት ስስ ቁራጭ ቆርጬ፣ ከጎኑ እኔ የቀባሁትን አስጠግቼ ካርቶን ላይ ለጥፌ ልኬልሻለሁ። ሁለት ዓይነት ነው። የቱ እንደሚመሳሰል ጻፊልኝ። ይሄ ከሠራ የዳኛውንም እልካለሁ።

ሐኪሙ ምን አለ? ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ሾርባው፣ ስለ አልጋው ሲጢጥታ ሁሉ ነግረሽኝ ይቺን ብቻ ዘለልሻት።

ያንቺው

ጥቅምት 16 ቀን

ለኮስትሬ፣

ካፖርቶቹን ተዋቸው፤ አንዱን ለብሼ አንዱን ተንተርሼ፣ ሦስተኛውን ጎረቤቴ ለብሳልኛለች። ጎረቤቴ ያልኩህ ከጎኔ ያለችው አልጋ ላይ የተኛች ታይፒስት ናት። ከደረጃ ወድቃ እግሯ በጀሶ ታስሯል። ሲደብራት ብርድ ልብሱን በጣቶቿ እየደበደበች ትጽፋለች፤ ምን ጻፍሽ ስላት፣ የሥራ መልቀቂያ ትለኛለች። ያለሷ እዚህ እብድ ነበር የምሆነው።

ቁራጮቹን መስኮቱ ሥር ወስጄ አገላብጬ አየኋቸው። ዘዴህን ወድጄዋለሁ። የመጀመሪያው በጣም ቀልቷል፤ ቦርሳው እንደሱ የነበረው አዲስ ሳለ ይሆናል፣ አሁን ግን ፀሐይ በልቶታል። ሁለተኛው ይሻላል። እሱው ላይ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የነካህ ያህል ጥቁር ጨምርበት፤ ከዚያ በኋላ እንዳትነካካው። አንዴ ቀብተህ እስኪደርቅ ተወው፣ ከዚያ ድገመው። አንተ ስትቸኩል ትደርብና እንደ ቅርፊት ያደርገዋል።

አንዳንድ ቀን ጣሪያውን እያየሁ ያ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጫማ ይመጣብኛል። ገና የተጋባን ሰሞን። ቡናማ ጫማውን አፍንጫው ላይ አረንጓዴ አድርገህለት፣ እንዴት ነው ብለህ በኩራት ስታሳየኝ መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊትህን ሳየው ግን ቀልድ አይደለም። ለምን አልነገርከኝም ብዬ እያለቀስኩም እየሳቅኩም ከጀርባህ ቆሜ እንደገና ቀባሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ይኸው ሳህኔን ይዤ ከጎንህ አልተነሳሁም።

ለልብስ ሰፊዋ ባለመንገርህ ደግ አደረግክ። ክር ስትመርጥ አይቻታለሁ፤ ዓይኗ ጥሩ ነው። ቢሆንም አትንገራት።

ስለ ሐኪሙ፣ ምንም የዘለልኩት ነገር የለም። ጭንቅላቴን ራጅ አንስተውኛል፤ ውጤቱን አይተው ይነግሩኛል። ወጣት ነው፤ ትሁት ነው፤ ሲያናግረኝ የአልጋዬን ብረት ነው የሚያየው። መስመሬ ሽቅብ የሄደው ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ስለሚወላገድ ነው፤ ይቺን ደግሞ ቁም ነገር አድርገህ እንዳታብሰለስላት። የዳኛውን ወንበር ያለኔ እንዳትነካ። ቁራጩን ላክልኝ።

ያንተዋ

ጥቅምት 27 ቀን

ለእሜቴ፣

መምህሯ ቦርሳዋን ተቀብላ የተጫረበትን ቦታ ፈልጋ አጣችው። ቦርሳውን እያዟዟረች፣ የቱ ጋ ነበር ስትለኝ፣ እኔም ጠፍቶብኛል አልኳት። እውነቴን እኮ ነው። ያመሰገነችኝን ምስጋና ላንቺ አስቀምጬዋለሁ።

መናኸሪያ ላይ ስሸኝሽ አትምጣ ያልሽኝን አልረሳሁም፤ ግን አልተዋጠልኝም። ሱቁ ከተዘጋ ደንበኛው ይበተናል፣ እኔ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትል እመለሳለሁ ብለሻል። ይሁን። ይሁን እንጂ ነገ ዛሬ የተባለው አንድ ወር ሊሞላው ነው። ራጁን ያየ ሰው ጠፋ እንዴ? ወረቀት ላይ መጻፍ ካስጠላሽ ለታይፒስቷ ንገሪያትና እሷ ብርድ ልብሱ ላይ ትጻፍልኝ።

ጠረጴዛውንም ቢሆን አብሰልስዬዋለሁ፤ ምን ላድርግ። ከመጀመሪያው ገጽ ሁለተኛው፣ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው እየባሰ ሄዷል። መጨረሻው ላይ አንዱን መስመር በሌላው ላይ ጽፈሽበት መስኮት ላይ ለጥፌ ነው ያነበብኩት። በዚያው ጠረጴዛ ሾርባ ሲያቀርቡልሽ እንዳይደፋብሽ።

ይኸው የዳኛው ወንበር። ቁራጩ የተቆረጠው ከሥሩ፣ ፀሐይ ካልነካው ሳይሆን ከኋላ እግሩ አጠገብ ካለው ነው፤ እዚያ ከፊቱ ጋር አንድ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ ሲሰጠው አይተሽው ነበርና። ሦስት ዓይነት ቀብቼልሻለሁ። እንዳይደበላለቁብሽ የካርቶኑን ጠርዝ ጥርስ አውጥቼበታለሁ፤ ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛው ሦስት። ለኔ ሦስቱም አንድ ናቸው። ዳኛው በየጧቱ በደጄ ሲያልፍ ባርኔጣውን ከፍ እያደረገ ያያል፤ አይጠይቅም፤ አለመጠየቁ ነው የሚያስጨንቀኝ። ለሱ ያ ወንበር ከሥራ ዘመኑ የቀረችው ዕቃ ናት።

ቤቱ ዝም ብሏል። ሳህንሽን አላነሳሁትም።

ያንቺው

ኅዳር 9 ቀን

ለኮስትሬ፣

በሰው እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርስህ እንዳትደነግጥ። በቀኝ እጄ በኩል መድኃኒት ስለሚሰጡኝ አብጦ እስክሪብቶ አልይዝ አለኝ፤ ታይፒስቷ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ታሳምራለች። ጽሑፏ ከኔ ይበልጣል፤ እንዳትለምደው።

ወንበሩን አየሁት። ሦስተኛው ልክ ነው። እንከን የለውም። ምንም አትጨምርበት፣ ምንም አትቀንስበት፤ በስፖንጅ ስስ አድርገህ ቀባና በፎን አድርቀው፣ ከላዩ መከላከያ ቅባቱን አልብሰው። ለዳኛው ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ድመቷንም ይቆጣልኝ።

ለጠየቅከኝ መልስ፣ ሾርባው አይደፋብኝም። ራጁንም አይተውታል። ይጠብቁ ይላሉ፣ እጠብቃለሁ። ሌላ የሚነገር ቢኖር እነግርህ ነበር። ይልቅ አንተ ስለ ሥራው ንገረኝ፤ ማን መጣ፣ ምን አመጣ፣ ቆዳው ምን ይመስላል? ረዘም አድርገህ ጻፍ። ሌላም ቁራጭ ካለ ላክ፤ ብዙ ላክ። እዚህ ሥራ ፈትቼ ነው የዋልኩት።

ቤቱ ዝም ካለ ሬዲዮውን ክፈተው።

ያንተዋ

(ጸሐፊዋ ነኝ፤ ወረቀቱን ሳላሽገው ይቺን ጨመርኩ። ምግቧን ትታለች። እርስዎ ቢጽፉላት ትበላ ይሆናል። ይህን እንድጽፍ አላዘዘችኝም።)

ኅዳር 19 ቀን

ለኮስትሬ፣

ምነው ዝም አልክ? ሹፌሩ ሁለቴ ባዶ እጁን መጣ። ታመምክ እንዴ? ወንበሩስ? ዳኛው ምን አለ? ተመሳሰለ ወይስ አልተመሳሰለም? አንዲት መስመር ብትሆን ላክልኝ። በኩርፊያ ከሆነ ስመጣ ታኮርፋለህ፤ አሁን ጻፍ።

ያንተዋ

ኅዳር 22 ቀን

ለእሜቴ፣

አልታመምኩም፣ አላኮረፍኩምም። እንዴት እንደምጽፍልሽ ስላላወቅኩ ነው። ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ጫማ የሚጠቀለልበት ሆኗል። አሁን ግን የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ፤ ታይፒስቷም እባክሽ ሳትዘልዪ ሁሉንም አንብቢላት።

እንዳልሽኝ ሦስተኛውን ቀባሁት። ስስ አድርጌ፣ እያደረቅኩ፣ ሳልቸኩል። በጣቴ ስዳብሰው መሙያው ከቆዳው የቱ ጋ እንደሚጀመር እኔ ራሴ አላውቀውም። ዳኛው ከባለቤቱ ጋር መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁለቱንም እጁን አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ፤ ደስ እንዳለው አየሁ። ባለቤቱ ዞር ዞር ብላ አየችና ቆመች።

«ይሄ እኮ አረንጓዴ ነው» አለች።

የምትቀልድ መሰለኝ። ዳኛው ተነስቶ መነጽሩን አደረገ። ወንበሩን ወደ ደጅ አወጣነው፤ ብርሃን ላይ የባሰ ሆነ መሰለኝ፣ ሁለቱም አፍረው እኔን ማየት ተዉ። ልብስ ሰፊዋም ነገሩን አይታ መቀሷን እንደያዘች መንገዱን ተሻግራ መጣች። ድመቷ ከቧጨረችው ይልቅ እኔ የቀባሁት ነው ወንበሩን ያስነወረው። ሰው ሁሉ ቆሞ የሆነ ነገር እንድል ይጠብቅ ነበር። ቀለሙ ሲደርቅ ተለወጠ ማለት እችል ነበር፤ ዕቃው የውሸት ነው ማለትም እችል ነበር። አላልኩም። «እኔ ቀለም አልለይም፤ የምትለየው ባለቤቴ ናት» አልኳቸው። ይኸው ይሄን ሁሉ ዓመት የፈራናት ነገር ወጣች። እንደፈራሁት አልሳቁብኝም። ዳኛው ባርኔጣውን አንስቶ፣ እንግዲያው ስትመለስ ታስተካክለዋለች፣ እኔ አልቸኩልም ብሎ ወንበሩን ትቶልኝ ሄደ።

የላክኩልሽን ሦስቱን ዓይነት ለራሴም አስቀርቼ ነበር። ለልብስ ሰፊዋ አሳየኋት። የመጀመሪያው የወንበሩ የራሱ ነው አለች። ሁለተኛው ይጠቁራል። ሦስተኛውን ይዛ፣ ይሄማ ሣር ነው አለችኝ።

አንቺ እንከን የለውም ነበር ያልሽው።

እኔም ውሸታም ነኝ። ጠርሙሶቹ ደህና ናቸው ያልኩሽ ውሸት ነው። በሄድሽ ሰሞን አቧራ ለብሰው አይቼ በሳሙና አጠብኳቸውና የለጠፍሽው ወረቀት ሁሉ ለቀቀ፤ ቁራጭ ልላክልሽ ያልኩት ዘዴ ስለመጣልኝ ሳይሆን የትኛው ጠርሙስ ምን እንደሆነ ስለጠፋኝ ነው። እንዳትስቂብኝና እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅኩሽ። ስለዚህ ልቆጣሽ መብት የለኝም፤ ደግሞም አልተቆጣሁም። ፈርቻለሁ። ደብዳቤዎችሽን ጠረጴዛው ላይ በተራ ደርድሬ መስመሩ እንዴት እየወጣ፣ ፊደሉ እንዴት እየተራራቀ እንደሄደ አየሁት። የጠረጴዛ መወላገድ እንደሱ አያደርግም።

ስለ ወንበሩ አይደለም የምጠይቅሽ። ወንበሩ ገደል ይግባ። ታያለሽ ወይ?

ያንቺው

ታኅሣሥ 1 ቀን

ለኮስትሬ፣

አላይም።

ይቺን ቃል ደጋግሜ አስጽፌ አስቀድጃታለሁ፤ ይሄኛው ወረቀት ግን ይሂድ። የግራው ዓይኔ የሄደው ገና የመምህሯን ቦርሳ ቁራጭ ከመላክህ በፊት ነው። ያን ያየሁልህ በቀኙ ነበር፤ ያየሁትም ትክክል ነበር፣ እሱን አትጠራጠርብኝ። ከዚያ ቀኙም እየደበዘዘ ሄደ። የዳኛው ቁራጮች ሲደርሱኝ መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ብቻ ነበር የማውቀው። አሁን እሱንም የማውቀው ፊቴን ሲሞቀኝ ነው።

ራስ ምታቱ ራስ ምታት አልነበረም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያበጠ ነገር አለ፤ ወደ ዓይኔ የሚሄደውን ሥር ተጭኖታል። ያ ትሁት ልጅ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። ቢነኩት እጃቸው ላይ እቀራለሁ፤ ካልነኩት ደግሞ ብዙ አልቆይም። እጄን ይዞ ነው የነገረኝ። ሌላ የሚያደርጉልኝ ነገር የለም። ራጁን አይተው ከጨረሱ ሰንብተዋል።

ለምን ደበቅሽ አትበለኝ፤ ግን እነግርሃለሁ። ቁራጮቹ ሲመጡ ታይፒስቷ ለደግ አስባ፣ አምጪ ልይልሽ ብላኝ ነበር። ጮህኩባት። ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩባት። ይሄ የኔ ሥራ ነው አልኳት። እግሯ ታስሮ ምስኪን የት ትሂድ፤ ፊቷን አዙራ ዋለች። ትራሴ ሥር ሸሽጌ ብቻዬን በጣቴ ዳበስኳቸው። ጥርስ ስላወጣህባቸው ተራቸውን አወቅኩ። አንደኛውና ሁለተኛው ትንሽ ይሻክራሉ፤ ሦስተኛው እንደ ሕፃን ጉንጭ ነው። እጅህ የተጠነቀቀው ለዚህኛው ነው፣ ይሄ መሆን አለበት አልኩ። በልስላሴው ነው የመረጥኩልህ። ቀለሙን አላውቀውም ነበር።

አላይም ብልህ መጠየቅ ታቆማለህ። ጥርስ ያወጡ ካርቶኖች መምጣታቸው ይቀራል። ደህና ነሽ ወይ፣ በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ ብቻ ይሆናል የሚመጣልኝ፤ ያን ደግሞ እዚህ ነርሶቹም ይጠይቁኛል። የቱ ነው ብለህ የምትጠይቀው እኔን ብቻ ነበር። ይቺ ትንሽ ትቆይልኝ ብዬ ነው የሰውየውን ወንበር ያበላሸሁት። አፍሬያለሁ፤ ለዳኛው እንዲህ ብለህ ንገረው፤ አንድም ሳታስቀር።

ግን እንዳይጠብቀኝ። እመለሳለሁ፣ ግን አላስተካክልለትም። ልብስ ሰፊዋን ጥራትና የመጀመሪያውን ቀለም ቀቡት። ያን አረንጓዴ በአልኮል ጠርገህ አስለቅቀው እንጂ ከላዩ እንዳትደርብበት። ሦስተኛው ሣር ነው ያለች ሴት ዓይኗ ንጹሕ ነው፤ ጠርሙሶቹንም እሷ ትለይልህ። ሳህኔን ስጣት። መጀመሪያ እሷ መሆኗ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ቅሬታዬን ጨርሻለሁ። አልጨረስኩም፤ ግን እጨርሳለሁ። እኔን ብለህ ሥራህን እንዳትተው። ሰው አወቀብኝ ብለህም አንገትህን እንዳትደፋ። ይሄን ሁሉ ዓመት በሁለት ሰው የተሠራ ሥራ ነበር፤ በሁለት ሰው ይቀጥላል።

አሁን ሱቁን ዝጋና ና ውሰደኝ። አትምጣ ያልኩህን ሁሉ አንስቻለሁ። ሐኪሙ ፈቅዷል፤ መንገዱን እችለዋለሁ። እዚህ መሞት አልፈልግም። አንተ ብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ እየሰማሁ ልተኛ።

ስትመጣ በአንድ ነገር ላስቸግርህ። በዚህ ክፍል ቀኑን ሙሉ የወንድ ኮቴ አይጠፋም፤ ሐኪም ነው፣ ጠራጊ ነው፣ የሰው ባል ነው። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና ብዬ ፀጉሬን እነካካለሁ። ታይፒስቷ፣ እሱ አይደለም ትለኛለች፣ መልሼ እተኛለሁ። እና በሩ ላይ ዝም ብለህ ቆመህ እንዳታየኝ። ገና ስትገባ ተናገር።

ያንተዋ